አራት፣ አራት፣ ስምንት

ፀሐይ ያጋለው አዲስ የጥላ ሸራ የራሱ ሽታ አለው። ላስቲክ እንዳትሉት ላስቲክ አይደለም፣ ጨርቅ እንዳትሉት ጨርቅ አይደለም፤ ከሁለቱም የከፋ ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ያልፈዋል። እኔ ግን ባለፈው ማክሰኞ በአፉላ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሽቶ ማግሁት። ሁለት ሠራተኞች ከጣቢያው ደጅ ካለው ኪዮስክ በላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ይወጥሩ ነበር። አንደኛው መሰላል ላይ ሆኖ ይሳደባል፣ ሁለተኛው ከታች ሆኖ ይስቃል። እኔ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ በዓይኔ እለካለሁ፤ ይኼኛው ጎን አምስት ሜትር፣ ያኛውም አምስት፣ ረጅሙ ሰባት፤ ዙሪያው አሥራ ሰባት፤ ስፋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ካሬ ሜትር ገደማ። ሰው ጡረታ ቢወጣም ልክፍቱ ጡረታ አይወጣም። ደግሞም አዋቂ ለመምሰል ዕድሜዬን ሙሉ ደክሜበታለሁ፤ ጥርሴ ሲያልቅ ልተወው አልችልም።

እንዲህ ለብቻዬ እየኮራሁ ሳለ ከቤት ሸአን የሚመጣው ባቡር ቆመና ወታደሮች ቦርሳቸውን እየጎተቱ ወረዱ። ከእነሱ ኋላ አንድ ሽማግሌ ወረደ። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ፀጉሩ ያልሳሳ፣ ከዘራ ያልያዘ። ፊቱን ሳላይ ገና በአረማመዱ ቀናሁበት። ፊቱን ሳይ ደግሞ ቅናቱ አዲስ አለመሆኑ ገባኝ። አዳነ ነበር።

አዳነና እኔ ከጎንደር በአንድ ሰሞን መጥተን፣ በካራቫን ሰፈር በአንድ ስስ ግድግዳ ተለያይተን የኖርን፣ በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠናም በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለብዙ ዓመት የሠራን ሰዎች ነን። ጓደኛዬ ነበር ብል እውነት ነው። ጠላቴ ነበር ብልም እውነት ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛውን እሱ አያውቀውም ነበር። ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር። ግድግዳው ስስ ስለነበረ ባለቤቴ ጥሩነሽ የአዳነን ቤት ኑሮ ሁሉ ትሰማለች፤ የሰማችውንም ከምሳ ጋር ታቀርብልኛለች። «አዳነ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል።» «አዳነ ዕብራይስጡን እንደ ውሃ ነው የሚያንቆረቁረው፤ አንተ ቋንቋ ልትማር ኡልፓን ሄደህ የተማርከው ሻይ ማዘዝ ብቻ ነው።» «አዳነ ሲስቅ እንኳ ጎረቤት አይረብሽም።» አምላክ ያሳያችሁ፣ ሰው በሳቁ ይበለጣል?

ጥሩነሽ እኔን ከአዳነ አስበልጣ የምትጠራበት ነገር በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። «በሥራ ግን ወርቁ በልጦታል» ትላለች፤ ወርቁ እኔ ነኝ። «ገበታው ሲሰጥ መናሄሉ የመረጠው የእኔን ባል ነው።» መናሄሉ የሥራው አለቃችን፣ ገበታው ደግሞ ሁላችን የምንመኘው የሥራ ቦታ ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር በሠርግ ትላታለች፣ በለቅሶ ቤት ትላታለች፣ አንዴማ ከጥርስ ሐኪም ደጅ ተቀምጠን ለማታውቃት ሴት ስትላት ሰምቻለሁ። በትዳሬ ውስጥ ያለችኝ ሜዳሊያ እሷ ብቻ ናት። ሜዳሊያዋን እንዴት እንዳገኘኋት ግን ጥሩነሽ አታውቅም። እናም ያ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ወደ እኔ ሲመጣ ልቤን የመታኝ ናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነበር።

«ወርቁ! አለህ እንዴ?»

«አለሁ፤ ወዴት ልሂድ።»

«አረጀህ ጃል!»

«አንተስ ምን በልተህ ነው እንዲህ የቀረኸው?»

«ጎመን» አለና አጠገቤ ተቀመጠ። ለካ እስከ እሑድ ሴት ልጁ ጋ ሊቆይ ነው የመጣው፤ በመኪና መጥታ እስክትወስደው ግማሽ ሰዓት አለን። ሸራውን ቀና ብሎ አየና «ስንት ትለዋለህ?» አለኝ።

«አሥራ ሁለት ተኩል።»

አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለካና «ትክክል» አለ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ተናደድኩ። በዚህ ዕድሜዬ የአዳነን «ትክክል» እጠብቃለሁ?

ያኔ አፉላ ባቡር አልነበራትም። ወደ ሥራ የምንሄደው በጠዋቱ አውቶቡስ ነው፤ ሹፌሩ ስማችንን ስለማይችል ሁላችንንም «ወንድሜ» ይለን ነበር። መሀል ከተማ በጥቂት ሸቀል በወረቀት ጥቅልል የሚሞላ ትኩስ የሱፍ ፍሬ ይገዛና እስከ ሰፈር ድረስ ቅርፊቱን እየተፋን እንሄዳለን፤ ከአውቶቡሱ የት እንደወረድን ከቅርፊቱ ይታወቃል። ልብሳችን የዕርዳታ ነው። እኔ የደረሰኝ ቡናማ ኮት ትከሻው እኔን ካለፈ በኋላ አንድ ስንዝር ይቀጥላል፤ ስዞር እኔ እቀድማለሁ፣ ኮቱ ይከተለኛል። አዳነም ኮቱን ያነሳው ከዚያው ክምር ነው፤ ግን ልክ ልብስ ሰፊ ቤት ተለክቶ የተሠራለት ይመስል ነበር። ከአንድ ክምር! ለእኔ የተረፈው የሌላ ሰው ትከሻ ነው።

ፋብሪካ አልነው እንጂ የሥራ ቦታችን ትልቅ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለመኪና ማቆሚያ፣ ለሰው ግቢ የሚሆን ጥላ እንሠራለን። አብዛኛው ጥላ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ለንፋስ የሚበጀው እሱ ነው ይላሉ፤ የአፉላ ሜዳ ንፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሣ ደግሞ አራት ማዕዘኑን እንደ ጋቢ ይገፈዋል። መሀል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ እኛ «ገበታው» እንለዋለን። ገበታውን የያዘ ሰው ጠመኔና መቀስ ይይዛል፣ ጥላ ሥር ይቆማል፣ የራሱ በርጩማ አለው። የተቀረነው ሸራ እንጎትታለን፣ ቀለበት እንመታለን፣ በሐምሌ ቀትር መሰላል ላይ እንወጣለን። በቴፑ ከጎንደር የመጣ ካሴት ይዘፍናል፤ ከሩሲያ የመጣችው ስፌተኛ ላሪሳ መርፌውን አቁማ ትከሻዋን ለመስበቅ ትሞክራለች። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ አማርኛ የሚናገር ከአዳነና ከእኔ በቀር አልነበረም።

አዳነ አሥረኛ ክፍል ደርሷል፤ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት በሰላም ተለያየን። ያለኝ ዕውቀት የአባቴ ነው። አባቴ የሰው ማሳ ከእሱ ማሳ ይበልጥ እንደሆነ ማወቅ ሲፈልግ ገመድ ያወጣና ዙሪያውን ይለካል። ገመዱ የረዘመበት ማሳ ይበልጣል፤ አለቀ። አገሩም እንደዚያ ያምናል፤ ተከራክሮም ተጣልቶም ታርቆም በዚያው ገመድ ነው። እኔም በአባቴ ገመድ ተማምኜ አፉላ ገባሁ።

አንድ ቀን ሁለት ጥላዎች ታዘዙ። አንደኛው ጎኖቹ አምስት፣ አምስትና ስድስት ሜትር፣ ሁለተኛው አምስት፣ አምስትና ስምንት። አዳነ ለሁለቱም እኩል ሸራ ጻፈ፤ አሥራ ሁለት ካሬ፣ አሥራ ሁለት ካሬ። እኔ ወረቀቱን አየሁና ልቤ በደስታ ዘለለ። ተሳሳተ! አዳነ ተሳሳተ! መናሄሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የመጀመሪያው ዙሪያ አሥራ ስድስት ነው፣ የሁለተኛው አሥራ ስምንት። እንዴት እኩል ይሆናሉ? ሕፃን እንኳ ያውቀዋል» አልኩ።

አዳነ መቀሱን አነሣ። ከቁራጭ ሸራ ላይ አምስት፣ አምስት፣ ስድስት አድርጎ አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቆረጠ፤ በሜትር ፈንታ በስንዝር። ከጫፉ እስከ መሠረቱ መሀል ለመሀል ቀደደው። ሁለት ቁራጭ ሆነ፤ እያንዳንዱ ታችኛው ጎኑ ሦስት፣ ቁመቱ አራት። ከዚያ ቁራጮቹን አጋደማቸውና በሦስቱ በኩል ፊት ለፊት ገጠማቸው። አሁን ታችኛው ጎን ስምንት፣ ቁመቱ ሦስት ሆነ። አምስት፣ አምስት፣ ስምንት።

«ያው ጨርቅ ነው ወርቁ። የጨመርኩበት የለም፣ የቀነስኩለትም የለም።»

ላሪሳ አጨበጨበች። መናሄሉ «ኮል ሀካቮድ!»፣ ጎበዝ ማለቱ ነው፣ ብሎ አዳነን ትከሻውን መታው። እኔም ሳቅሁ፤ የሚስቅ ሰው አልተሸነፈም ብዬ። ግን ቁራጮቹን ከገበታው ላይ አንሥቼ ቆሻሻው ውስጥ ወረወርኳቸው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲጣላ የኖረው በከንቱ እንደነበረ የነገረኝ አዳነ መሆኑ ነው የከነከነኝ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አመሰግነው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ገበታውን የያዘው ሰውዬ ጡረታ ወጣ። መናሄሉ ከሁለታችን አንዱን ሊተካ ነው ተባለ። ማን እንደሚተካ ከበሩ ዘበኛ ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። ጥሩነሽ እንኳ ሰምታ «አዳነ ይገባዋል» አለችኝ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። እንዲያው አስቡት፣ ባሏን ሳታየው!

በማግስቱ አዳነ ከአንድ ሰው ግቢ ለክቶ መጣ። በእርሳስ የጻፋት ወረቀት መናሄሉ ሰሌዳ ላይ ተሰካች፤ አራት፣ አራት፣ ሦስት። እርሳሷን ገበታው ላይ ትቷት ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ቤቱ ባዶ ነበር። ሦስት ቁጥር ደግሞ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ በግራ በኩል ሁለት ትንንሽ ቅስት ከጨመራችሁላት ስምንት ትሆናለች። ጨመርኩላት። ጨርሼ እርሳሷን ወደ ቦታዋ ስመልስ የፈራሁት አምላክን አልነበረም፤ ቅስቶቹ እንዳይጣመሙብኝ ነበር የፈራሁት። እጅ ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፤ እሷን አስተማሪዬ በአለንጋ አስተምረውኛል።

ከሰዓት በኋላ የጠርዙ ሽቦ በወረቀቱ መሠረት ተቆርጦ፣ ጫፍ ጫፉ በማሽን ተቆልፎ መጣ። አራት ሜትር፣ አራት ሜትር፣ ስምንት ሜትር። መናሄሉ ሽቦዎቹን ወለሉ ላይ ገጥሙ አለን። ስምንቱን ዘረጋን። ሁለቱን አራቶች ከሁለት ጫፍ አምጥተን አገናኘናቸው። አገናኘናቸውና ልክ ስምንቱ ላይ ተኙ። ሆድ የለውም፣ ቁመት የለውም፤ ዙሪያው አሥራ ስድስት ሜትር የሆነ፣ ዶሮ እንኳ የማያስጠልል ሦስት ማዕዘን። ላሪሳ እስክትታነቅ ሳቀች። እኔ ብቻ አልገባኝም ነበር። ዙሪያው ካለ ውስጡ የት ሄደ? እያልኩ ሽቦውን በእግሬ ገፋ አደርጋለሁ።

መናሄሉ ወረቀቷን ከሰሌዳው ነቅሎ «ይህን የጻፈ ማን ነው?» ብሎ ጮኸ። የተቆለፈ ሽቦ ተመልሶ አይፈታም፤ ሄደ ማለት ነው። ደንበኛውም ለድግሱ ጥላውን ለነገ ይፈልጋል። አዳነ ወረቀቷን ተቀበለና አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። ረጅም አልነበረም፤ ሸራ ከመቁረጡ በፊት ጠርዙን እንደሚያይ ነው ያየኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሦስት ነው ያልኩት። ሦስቴ ስምንት ትመስላለች።»

«የሰው ሥራ በእንዲህ ያለ ጽሕፈት?» አለ መናሄሉ። ሦስት ቀን ተኮሳተረና ገበታውን ለእኔ ሰጠኝ። ምክንያቱ? ቁጥሬ ስለሚነበብ!

ያን ቀን እቤት ገብቼ ስነግራት ጥሩነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። ግድግዳው ስስ ነው ብያችኋለሁ፤ አዳነ ማዶ ሆኖ ሰምቷል። «አዳነን በለጥከው!» አለችኝ። ዓይኗ እንዲያ ሲበራ ከሠርጋችን ወዲህ አላየሁትም። በዚያ ዓይን ፊት እውነቱን የሚናገር ወንድ ካለ አምጡልኝና ልቅናበት።

በማግስቱ ገበታው ፊት ቆሜ የመጀመሪያው ትዕዛዝ መጣ፤ ሦስቱም ጎን የተለያየ። ጠመኔውን ይዤ ላቤ ወረደ። በዕረፍት ሰዓት፣ እኛ በዕብራይስጡ «ሀፍሳካ» እንላታለን፣ አዳነ ዳቦውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «ረጅሙን ጎን ወለል አድርገው፤ ከዚያ ከላይኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ቁመት ፈልግ። ወለሉን በቁመቱ አባዛ፤ ግማሹን ጣል» አለኝ። «ግማሹን ለምን እጥላለሁ?» ስለው ዳቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰያፍ ቆርጦ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። «ለዚህ» አለኝ። ሁለት ዓመት ያህል በየሀፍሳካው አስተማረኝ። ሁለቱ አጭር ጎኖች ሲደመሩ ከሦስተኛው ካልበለጡ ሦስት ማዕዘን እንደማይሆኑም ያኔ ገባኝ። እሱ በሐምሌ ቀትር መሰላል ላይ ይወጣል፣ እኔ ጥላ ሥር በርጩማዬ ላይ ነኝ፤ ቅናቴ ግን አልቀነሰም። ይልቅ ሰፋ። ቀድሞ በዕውቀቱ ነበር የምቀናው፤ አሁን በዝምታውም ቀናሁ። ቢጮህብኝ፣ ቢያጋልጠኝ እኩል እንሆን ነበር።

ማክሰኞ ዕለት አግዳሚው ወንበር ላይ የልጁ መኪና ልትመጣ አሥር ደቂቃ ሲቀራት አልቻልኩም። «አዳነ» አልኩት፣ «ያቺ ስምንት...»

«የትኛዋ ስምንት?»

«ያቺ ሦስት የነበረችው። እኔ ነኝ።»

ዓይኑን ከሸራው ላይ አላነሳም። «ታዲያ አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«ታውቅ ነበር?»

«ሦስት ማዕዘን የሚያውቅ ተንኮለኛ ቢሆን አምስት ያደርጋት ነበር። አምስት ብትሆን ሸራው ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ግቢው ላይ ሲሰቀል እምቢ ይላል፤ እኔም እባረራለሁ። አራት፣ አራት፣ ስምንት ብሎ የሚጽፍ ዙሪያ እንጂ ሌላ የማያውቅ ሰው ነው። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አንተ ብቻ ነበርክ ጃል።»

በተንኮሌ እንኳ አራተኛ ክፍል መሆኔን ነገረኝ። «ለምን ዝም አልክ ታዲያ?»

«ብናገር ያባርርህ ነበራ። አንተ ከተባረርክ እኔ በሀፍሳካ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከላሪሳ ጋር?»

ለዚህች ቀን ስንት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ይቅርታ አለበት፣ ወጣትነት አለበት፣ ስደት አለበት፣ ትንሽ እንባም አዘጋጅቼበት ነበር። አንዱም አላስፈለገውም። መኪናዋ መጣች። ሲነሣ ጉልበቱን እንኳ አልያዘም።

«ለጥሩነሽ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እኔም አልነገርኳትም» አለና ሄደ።

ከጣቢያው እስከ ቤቴ በአውቶቡስ አጭር መንገድ ነው፤ እኔ ግን በእግሬ ሄድኩ። ሳልነግራት እኖራለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ወሰንኩ። ግን ቅናት ደግሞ ክፉ ነው፤ አዳነ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ እውነት መሸከም ከቻለ፣ እኔ እሷን እውነት አንድ ጊዜ አውጥቼ መናገር ያቅተኛል? በምን ልብለጠው? የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ገባሁ። ጥሩነሽ የአየር ትንበያ እያየች ነበር። ኮቴን ሳላወልቅ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅስቶቹን ሳይቀር።

ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

«ስለዚህ እኔ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው ‹የእኔ ባል በለጠው› ስል አዳነ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሰማኝ ነበር?»

«ይሰማሽ ነበር።»

«ምንም ሳይል?»

«ምንም ሳይል። አንድ ጊዜማ አጨብጭቦልሻል።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። «ቁጥሩን ምታልኝ» አለች። አግዳሚው ላይ ሳለን ሰጥቶኝ ነበር፤ መታሁላት፤ ምን አደርጋለሁ። ስልኩን ነጥቃኝ ወደ ወጥ ቤት ሄደችና በሩን ገፋ አደረገችው። በስንጥቁ ሰማኋት። «ወንድም አዳነ፣ እንዴት ነህ? ጤናህ? እግርህ? ልጆችህስ?» ለእኔ ከስንት ዓመት በፊት የተወችው ድምፅ ነው፤ ያልቃል ብዬ ነበር፣ ለካ ተቀምጦ ኖሯል። «ቅዳሜ ለሰንበት ምሳ እኛ ጋ ነህ። አይ፣ አይሆንም፣ ትመጣለህ። ነግሮኛል፣ አዎ፣ ዛሬ ነው የነገረኝ።» ከዚያ አዳመጠች። ብዙ አዳመጠች። ከዚያ ሳቀች፤ ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። በእኔ ቀልድ እንዲያ ሳቃ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ በዚህ ሰፈር ቀልደኛ የምባለው ነኝ።

ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቅኋት። «ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ለምንም ነገር ይኼን ያህል ይሳቃል?»

«የእኔና የእሱ ነው» አለችና ቴሌቪዥኗን መልሳ ከፈተች።

ዛሬ ዓርብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዶሮ እየሠራች ነው፤ ለሁለታችን ብቻ ሲሆን የማትጨምረውን ቅመም ሁሉ ጨምራለች። ሁለት ጊዜ ማሰሮውን እያማሰለች ለብቻዋ ስትስቅ አይቻታለሁ። ሁለት ጊዜም ጠይቄአታለሁ። አልነገረችኝም።